የትኛው ሬክቲፋየር ለየትኛው ሎድ? ከአንድ ዳዮድ እስከ አራት ታይሪስተር

ሬክቲፋየር ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ ሰርኪዩት ነው። “የትኛው ሬክቲፋየር ይሻላል?” ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የሚወጣው ዲሲ ቮልቴጅ ሥራ ላይ እያለ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት? ኃይልስ ከሎዱ (ከሚጠቀምበት ዕቃ) ወደ መስመሩ የሚመለስበት ጊዜ አለ? ቮልቴጁ መስተካከል የማያስፈልገው ከሆነ ስለ ታይሪስተር ማሰብ ድካም ነው፤ ዳዮድ ይበቃል። መስተካከል ካለበት፣ ነገር ግን የሚመለስ ኃይል ከሌለ፣ ሁለት ታይሪስተርና ሁለት ዳዮድ ያለው ብሪጅ (በአራት ክፍል ሁለቱንም የሞገዱን ግማሾች የሚጠቀም ሰርኪዩት) ሥራውን ይጨርሳል። አራት ታይሪስተር የሚገዛው ለሁለቱም ጥያቄ “አዎ” ያለ ሰው ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከጭራው ይጀመራል። ደስ የሚል ሰርኪዩት ይታያል፣ ዕቃው ይገዛል፣ ከዚያ ሎዱና ሰርኪዩቱ አይስማሙም። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን ዓይነት ከሚያንቀሳቅሰው ሎድ ጋር እያያያዝኩ ነው የማነጻጽረው። የማወራው ስለ ሲንግል ፌዝ ብቻ ነው፤ ለስሌት እንዲመች መስመሩን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ አድርጌዋለሁ። 220 አርኤምኤስ ነው፣ ማለትም ኃይል የሚሰላበት ውጤታማ ዋጋ፤ የሞገዱ ጫፍ 311 ቮልት ይደርሳል። ይህችን 311 ያዙልኝ፤ ደጋግማ ትመጣለች።

ዳዮድና ታይሪስተር

ዳዮድ የአኖዱ ቮልቴጅ ከካቶዱ ሲበልጥ ያስተላልፋል፣ ሲያንስ ይዘጋል። ማንንም አያስፈቅድም። ታይሪስተር፣ ብዙዎቻችን ኤስሲአር የምንለው፣ አራት ንብርብር ያለው ሲሆን ጌት የሚባል ሦስተኛ እግር አለው። አኖዱ ፖዘቲቭ ቢሆንም ጌቱ ላይ ትንሽ ከረንት እስኪመጣ ድረስ ተዘግቶ ይጠብቃል። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ጌቱ ምንም ሥልጣን የለውም፤ ከረንቱ ራሱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ከመያዣ ከረንቱ በታች ካልወረደ አይዘጋም። ስሙ ታይራትሮን ከተባለው የጋዝ ቱቦና ከትራንዚስተር የተዳቀለ ነው። “ታይራ” በግሪክ በር ማለት ነው። መክፈት እንጂ መዝጋት የማይቻል በር መሆኑ ነው እንግዲህ።

ለኤሲ መስመር ይህ ጉድለት አይደለም። መስመሩ በየግማሽ ዑደቱ ራሱ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ ታይሪስተሩን የሚዘጋው መስመሩ ነው። እኛ የምንወስነው መቼ እንደሚከፈት ብቻ ነው። ያንን የምንለካው በማስነሻ ማዕዘን ነው፤ አልፋ እንበለው። አልፋ 0 ሲሆን ታይሪስተሩ ከዳዮድ አይለይም፤ ወደ 180 ዲግሪ ሲጠጋ የሚያስተላልፈው ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል። ጀነራል ኤሌክትሪክ በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህን ዕቃ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይኸው ሥራ የሚሠራው በሜርኩሪ አርክ ቱቦ ነበር፤ ብርጭቆ ውስጥ ሰማያዊ እያበራ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሰበር፣ መርዛማ ነገር።

አንድ ነገር ከዳታ ሺት ላይ በቅርብ እንይ። ቢቲ 151 የሚባለው የተለመደ ታይሪስተር እስከ 12 አምፔር አርኤምኤስ ይሸከማል። ጌቱ ቢበዛ 15 ሚሊአምፔር ይበቃዋል። ነገር ግን ከተከፈተ በኋላ ክፍት ሆኖ እንዲቀር በአኖዱ ውስጥ እስከ 40 ሚሊአምፔር ሊፈልግ ይችላል፤ መቆለፊያ ከረንት የሚባለው ይህ ነው። ከተቆለፈ በኋላ ክፍት ሆኖ ለመቆየት ቢበዛ 20 ሚሊአምፔር ይበቃዋል። አዲስ ጀማሪ ታይሪስተሩን በአንዲት ትንሽ ኤልኢዲና በ10 ሚሊአምፔር ሲሞክር “ጌቱን ስነካ ይበራል፣ ስለቅ ይጠፋል፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ” ይላል። ዕቃው ደህና ነው፤ ሎዱ ነው ያነሰው።

ግማሽ ሞገድ፦ የት ይቻላል፣ የት አይቻልም

አንድ ዳዮድ፣ አንድ ሎድ፤ ከሞገዱ አንዱ ግማሽ ብቻ ያልፋል። የሚወጣው አማካይ ቮልቴጅ የ220 አርባ አምስት በመቶ፣ ማለትም 99 ቮልት ነው። ርካሽነቱ ያታልላል። ሪፕሉ (ዲሲው ላይ የሚቀረው ውዝዋዜ) በ50 ኸርዝ ስለሚመጣ ለማለስለስ ከባድ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ከትራንስፎርመሩ ከረንት የሚስበው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። የትራንስፎርመሩ ብረት በአንድ ወገን እየተማገነጠ ይሞላና መጮህና መጋል ይጀምራል። ካፓሲተር በሌለበት ተራ ሬዚስተር ሎድ ላይ 100 ዋት ዲሲ ለማውጣት 350 ቮልት አምፔር ገደማ የሆነ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። በብሪጅ ቢሆን 125 ገደማ ይበቃ ነበር።

ስለዚህ ግማሽ ሞገድን የምመርጠው ሎዱ ጥቂት ሚሊአምፔር ሲሆን ብቻ ነው፤ ለምልክት መብራት፣ ለትንሽ የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት። ያኔም ቢሆን ካፓሲተር ካለበት የዳዮዱን ቮልቴጅ ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። ካፓሲተሩ 311 ቮልት ይዞ ቁጭ ብሎ ሳለ መስመሩ ወደ ኔጌቲቭ 311 ይወርዳል፤ ዳዮዱ ላይ የሚያርፈው 622 ቮልት ነው። “መስመሩ 220 ነው፣ 400 ቮልት ዳዮድ ይበቃዋል” ያለ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። 1000 ቮልት የሚችለው 1ኤን4007 በዚህ ቦታ የሚገባው ለዚህ ነው።

ዳዮዱን በታይሪስተር መተካትም ይቻላል፤ ቮልቴጁ ከ99 እስከ ዜሮ ይስተካከላል። የብረቱ መሞላት ግን አብሮ ይቀራል። ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ አልሰጠውም።

ሴንተር ታፕ ወይስ ብሪጅ?

ሁለቱም ሙሉ ሞገድ ናቸው። ሁለቱም 220 ቢሰጣቸው (ሴንተር ታፑ በእያንዳንዱ ግማሽ ጥቅሉ) 198 ቮልት አማካይ ያወጣሉ፤ ሪፕሉም በ100 ኸርዝ ይመጣል። ሴንተር ታፑ ሁለት ዳዮድና መሃሉ ላይ ሽቦ የወጣለት ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ብሪጁ አራት ዳዮድ ይፈልጋል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ተራ ይሆናል፣ ጭራሽም ላይኖር ይችላል። ብሪጁን ካሮል ፖላክ በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የፓተንት መብት ያስመዘገበበት ነው፤ እስካሁንም የቀየረው የለም።

“ብሪጅ ሁልጊዜ ይሻላል” የሚባለው ግን ልክ አይደለም። 5 ቮልት፣ 10 አምፔር የሚያስፈልገው ሎድ አለን እንበል፤ 50 ዋት ነው። በብሪጅ ውስጥ ከረንቱ ሁልጊዜ በሁለት ዳዮድ ያልፋል። እያንዳንዱ 0.9 ቮልት ቢያስቀር 1.8 ቮልት፣ ማለትም 18 ዋት ሙቀት ይሆናል። ለ50 ዋት ሥራ 18 ዋት ማቃጠል ምን ይባላል? በሴንተር ታፕ ከረንቱ በአንድ ዳዮድ ብቻ ስለሚያልፍ ወደ 9 ዋት ይወርዳል፤ ሾትኪ ዳዮድ ከተደረገበት፣ 0.4 ቮልት ብቻ ስለሚያስቀር፣ 4 ዋት ይሆናል።

ያንኑ 10 አምፔር ወደ 198 ቮልት ስንወስደው ጨዋታው ይገለበጣል። ሎዱ ወደ 2000 ዋት ሆኗል፤ የብሪጁ 18 ዋት ከአንድ በመቶ በታች ነው፣ ማንም አያየውም። ሴንተር ታፕ ብናደርገው ግን ዳዮዶቹ ሲዘጉ የሁለቱን ግማሽ ጥቅሎች ድምር፣ 622 ቮልት፣ ይሸከማሉ፤ በብሪጅ 311 ብቻ ነበር። ትራንስፎርመሩም እያንዳንዱ ግማሽ ጥቅል ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለሚቆም ተጨማሪ መዳብ ይበላል፤ ከላይ ባልነው 100 ዋት ዲሲ ሲለካ ከ125 ወደ 150 ቮልት አምፔር ገደማ ከፍ ይላል።

እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ከ12 ቮልት በታችና ብዙ አምፔር ከሆነ ሴንተር ታፕ፣ ከ24 በላይ ከሆነ ብሪጅ። በመካከል ያለው እጃችሁ ላይ ባለው ትራንስፎርመር ይወሰን።

ካፓሲተሩ ሲገባ ስሌቱ ይቀየራል

198 ቮልት ያልነው ካፓሲተር በሌለበት ነው። ትልቅ ካፓሲተር ስታስገቡ ቮልቴጁ ወደ ጫፉ፣ ወደ 311፣ ይወጣል። ይህን ሳያስቡ የመስመሩን ብሪጅ ከ250 ቮልት ካፓሲተር ጋር ያገናኙ ሰዎች የካፓሲተሩን ሆድ ጣሪያ ላይ ነው የሚያገኙት።

የሪፕሉ መጠን በቀላል ስሌት ይገኛል፤ የሎዱን ከረንት በሪፕሉ ኸርዝና በካፓሲተሩ ፋራድ ብዜት ማካፈል ነው። 1 አምፔር ሎድ፣ 4700 ማይክሮፋራድ፣ ሙሉ ሞገድ ከሆነ 2.1 ቮልት ገደማ ይወዛወዛል። ግማሽ ሞገድ ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ ትንሽ አክብዶ ነው የሚያሳየው፤ ለምርጫ ግን በቂ ነው።

የካፓሲተሩ ዕዳ ያለው ከረንቱ ላይ ነው። ዳዮዶቹ የሚያስተላልፉት ሞገዱ ጫፉ አካባቢ ሲደርስ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ሎዱ ረጋ ብሎ 1 አምፔር ሲወስድ ዳዮዱ ውስጥ ብዙ አምፔር የሆነ ሹል ምት ያልፋል። መስመሩ ላይም ይህ ሹል ምት ሃርሞኒክ (የ50 ኸርዝ ብዜት የሆነ ረብሻ) ሆኖ ይታያል። አይኢሲ 61000-3-2 የሚባለው ደረጃ በፌዝ እስከ 16 አምፔር ለሚወስዱ ዕቃዎች ገደብ ያስቀመጠውም ለዚህ ነው።

ታይሪስተር ብሪጅን በቀጥታ ከካፓሲተር ጋር ማገናኘትን አልመክርም። ሞገዱ ጫፉ ላይ ሳለ፣ 90 ዲግሪ ላይ፣ ብትከፍቱትና ካፓሲተሩ ባዶ ቢሆን ከረንቱን የሚገድበው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ነው። መሃላቸው ኢንዳክተር ይግባ። እዚህ ላይ ኢንዳክተር እንደ ቅንጦት አይታይ።

ሁለት ታይሪስተር ወይስ አራት?

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ነውና።

ግማሽ ቁጥጥር ያለው ብሪጅ ሁለት ታይሪስተርና ሁለት ዳዮድ ነው። ሙሉ ቁጥጥር ያለው አራቱም ታይሪስተር ናቸው። ሎዱ ሞተር ወይም ትልቅ ጥቅል ሆኖ ከረንቱ ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ፣ የግማሽ ቁጥጥሩ አማካይ ቮልቴጅ 99 ሲባዛ በ(1 ሲደመር ኮሳይን አልፋ) ነው። የሙሉ ቁጥጥሩ 198 ሲባዛ በኮሳይን አልፋ ነው። በቁጥር ሲታይ፦

| አልፋ በዲግሪ | ግማሽ ቁጥጥር፣ ቮልት | ሙሉ ቁጥጥር፣ ቮልት |
|---|---|---|
| 0 | 198 | 198 |
| 30 | 185 | 172 |
| 60 | 149 | 99 |
| 90 | 99 | 0 |
| 120 | 50 | ኔጌቲቭ 99 |
| 150 | 13 | ኔጌቲቭ 172 |

ልዩነቱ የታችኛዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ነው። የሙሉ ቁጥጥሩ ቮልቴጅ ከ90 ዲግሪ በኋላ ኔጌቲቭ ይሆናል። የከረንቱ አቅጣጫ አልተቀየረም፣ ታይሪስተር በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ቮልቴጁ ሲገለበጥ ግን ኃይሉ ከሎዱ ወደ መስመሩ መፍሰስ ይጀምራል። ሸክም ይዞ የሚወርድ የማንሻ ሞተር ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን የሚመልሰው እንዲህ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያ አለ። አንደኛ፣ የሚመለሰው ኃይል ከሎዱ ወገን ምንጭ ሊኖረው ይገባል፤ ጥቅል ብቻ ከሆነ ያጠራቀመውን መልሶ ወዲያው ያልቅበታል። ሁለተኛ፣ አልፋ ወደ 180 እጅግ መጠጋት የለበትም። የሚዘጋው ታይሪስተር ለመዝጋት ጊዜ ያጥረዋል፣ ቀጣዩ ግማሽ ዑደት ክፍት ሆኖ ያገኘዋል፣ ከረንቱም ከቁጥጥር ይወጣል። 150 አካባቢ ላይ ማቆም ብልህነት ነው።

ሎዱ ኃይል የማይመልስ ከሆነስ? ያኔ ለግማሽ ቁጥጥር እደላለሁ፤ ምክንያቱም ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ያንሳል። ሁለቱን በተመሳሳይ ማዕዘን ማነጻጸር አይጠቅምም፤ እኛ የምንፈልገው ተመሳሳይ ቮልቴጅ ነው። 99 ቮልት፣ 10 አምፔር፣ ለስላሳ ዲሲ እንፈልጋለን እንበል። ሙሉ ቁጥጥሩ ይህን የሚሰጠው በ60 ዲግሪ ሲሆን መስመሩ ላይ 10 አምፔር አርኤምኤስ ይስባል። ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከቮልትና ከአምፔሩ ብዜት ውስጥ በእርግጥ ኃይል የሆነው ድርሻ፣ 0.45 ነው። ግማሽ ቁጥጥሩ በ90 ዲግሪ ያንኑ 99 ቮልት ይሰጣል፤ ከመስመሩ የሚስበው ግን 7.1 አምፔር ብቻ ነው፣ ፓወር ፋክተሩም ወደ 0.64 ከፍ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞገዱ ዜሮን ካለፈ በኋላ ታይሪስተሩ እስኪነሳ ድረስ የሎዱ ከረንት በሰርኪዩቱ ውስጥ በዳዮዶቹ በኩል ይዞራል፤ መስመሩ ያርፋል። በሙሉ ቁጥጥሩ ግን ያ ከረንት ያን ጊዜ ሁሉ በመስመሩ ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ኋላም ኃይል ይገፋል።

ለማሞቂያ ወይም ለሌላ ንጹህ ሬዚስተር አራት ታይሪስተር መግዛት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ከረንቱ ከሞገዱ ጋር ዜሮ ስለሚገባ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አይመጣም፤ አራቱ የሚሰጡት ከሁለቱ አይለይም። እንዲያውም ማሞቂያው ዲሲ መሆኑ ግድ ካልሆነ ሬክቲፋየርም አያስፈልገውም፤ አንድ ትራያክ (በሁለቱም አቅጣጫ የሚያስተላልፍ የታይሪስተር ዘመድ) ኤሲውን ቆርጦ ይሰጠዋል።

ሠንጠረዡን ስትጠቀሙ “ከረንቱ ሳይቋረጥ የሚፈስ ከሆነ” ያልኩትን አትርሱ። ሞተሩ ሸክም ሳይኖረው ሲዞር ከረንቱ እያነሰ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ያኔ ቮልቴጁ ከሠንጠረዡ በላይ ይሆናል፣ ሞተሩም ሳትነኩት ይፈጥናል። መቆጣጠሪያው ተበላሸ ብላችሁ አትፍቱት።

አልለቅ ያለው ማግኔት

ግማሽ ቁጥጥር ብሪጅ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ሁለቱም ታይሪስተሮች ከላይ፣ ሁለቱም ዳዮዶች ከታች የሚሆኑበት ነው። ሁለተኛው አንዱ ክንድ ሁለት ታይሪስተር፣ ሌላው ክንድ ሁለት ዳዮድ የሚሆንበት ነው። በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ።

መጀመሪያ የሠራሁት የመጀመሪያውን ነበር። ሎዱ ብረት የሚያነሳ ትልቅ የማግኔት ጥቅል ነበር። ቁልፉን ከፍ ሳደርግ ማግኔቱ ይይዛል፣ ዝቅ ሳደርግ ይላላል፤ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወደ ዜሮ አወረድኩት። ብረቱ እንደተጣበቀ ቀረ። አምፔር ሜትሩን አየሁት፣ መርፌው መሃል ላይ ቆሟል። የጌት ሽቦዎቹን ነቀልኩ፤ ያው። ቮልቴጁን ስለካ ከ99 እልፍ አይልም፣ ዝቅም አይልም።

የሆነው ይህ ነው። የማስነሻው ምት ሲቋረጥ አንደኛው ታይሪስተር ክፍት ነበር። ሞገዱ ሲገለበጥ የጥቅሉ ከረንት ሄዶ ሄዶ በዚያው ታይሪስተርና በዚያው ክንድ ባለው ዳዮድ በኩል መዞር ቀጠለ፤ ዜሮ ስላልደረሰ ታይሪስተሩ አልተዘጋም። ቀጣዩ ፖዘቲቭ ግማሽ ሲመጣ ክፍት ሆኖ ጠበቀው፣ ሙሉውንም አሳለፈው። እንዲህ እየሆነ ለዘላለም እንደ ግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየር ይሠራል፤ ለዚያ ነው 99 ላይ የቆመው። መድኃኒቱ አንድ ዳዮድ ነው። ከሎዱ ትይዩ፣ ካቶዱ ወደ ፖዘቲቭ፣ ፍሪዊሊንግ ዳዮድ ይገባል። አንድ ዳዮድ የሚያስቀረው ቮልቴጅ ታይሪስተርና ዳዮድ ተደምረው ከሚያስቀሩት ስለሚያንስ ከረንቱ ወደ እሱ ይሸሻል፤ ታይሪስተሩም ይዘጋል።

ሁለተኛው አሠራር ይህ ችግር የለበትም፤ ዳዮዶቹ በአንድ ክንድ ተደርድረው ስላሉ ራሳቸው ፍሪዊሊንግ ይሆናሉ። ዋጋው ሁለት ነው። ዳዮዶቹ ከታይሪስተሮቹ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚያስተላልፉ የበለጠ ይግላሉ። ከዚህ ሌላ የሁለቱ ታይሪስተሮች ካቶድ አንድ ቦታ ላይ ስላልሆነ ለእያንዳንዱ ጌት የተለየ፣ እርስ በርሱ ያልተገናኘ ማስነሻ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አሠራር የጋራ ካቶድ ስላለው አንድ የማስነሻ ሰርኪዩት ለሁለቱም ይበቃል። እኔ አሁንም የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ፍሪዊሊንግ ዳዮዷን ግን ሳልረሳ።

የማስነሻው ምት

ሎዱ ሬዚስተር ከሆነ አንድ አጭር ምት ይበቃል። ጥቅል ከሆነ አይበቃም፤ ምክንያቱ ከላይ ያየነው መቆለፊያ ከረንት ነው። ጥቅሉ 0.5 ሄንሪ፣ በዚያ ቅጽበት ያለው ቮልቴጅ 100 ቮልት ቢሆን ከረንቱ በሰከንድ 200 አምፔር ፍጥነት ያድጋል። ብዙ ይመስላል፤ ግን 40 ሚሊአምፔር ለመድረስ 200 ማይክሮሰከንድ ይወስድበታል። የጌቱ ምት 50 ማይክሮሰከንድ ከሆነ ምቱ ሲያልቅ ከረንቱ 10 ሚሊአምፔር ላይ ነው፤ ታይሪስተሩ መልሶ ይዘጋል። ረጅም ምት ወይም ተከታታይ የምት ሰልፍ ስጡት።

ሎዱ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። 15 ቮልት ትራንስፎርመር ጫፉ 21 ቮልት ገደማ ነው። ባትሪው 13.5 ቮልት ላይ ቢሆንና ታይሪስተርና ዳዮዱ 2.5 ቢያስቀሩ ሞገዱ 16 ቮልት እስኪያልፍ ምንም አይፈስም። ያ የሚሆነው 49 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ አጭር ምት አየር ላይ ይቀራል፤ ከ131 ዲግሪ በኋላ የሚመጣውም እንደዚሁ። የቻርጀራችሁ ቁልፍ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ “የሞተ” የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጌቱን ከመቆጣጠሪያው ለመለየት ፐልስ ትራንስፎርመር ወይም ኦፕቶ (ምልክቱን በብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ) ይገባል። ማይክሮኮንትሮለር በቀጥታ ከጌት ጋር ማገናኘት ማለት ኮምፒውተራችሁን ከ220 መስመር ጋር ማገናኘት ነው። ድንገት የሚዘል ቮልቴጅ ታይሪስተሩን ያለ ጌት እንዳይከፍተው በየታይሪስተሩ ትይዩ ስነበር (በተከታታይ የተያያዙ ሬዚስተርና ካፓሲተር) ይደረጋል፤ 100 ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ለመጀመር ጥሩ ነው።

ዕቃውን ስትገዙ

ቮልቴጁን በ311 ሳይሆን በእጥፉ አስቡ። መስመር ላይ ዝላይ ስለማይጠፋ ለ220 መስመር ብሪጅ 600 ዝቅተኛ፣ 800 የሚያስተኛ ነው። ከረንቱን በተመለከተ ዳታ ሺት ላይ የተጻፈው አምፔር በጥሩ ሂት ሲንክ ላይ ሲሆን መሆኑን አስተውሉ። 20 አምፔር በዳዮድ ብሪጅ ወደ 40 ዋት፣ በግማሽ ቁጥጥር ብሪጅ ወደ 48 ዋት ሙቀት ነው፤ ይህ የአንድ መበየጃ ካውያ ሙቀት ነው። ታይሪስተሩ ውስጡ ከ125 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለፍ የለበትም፤ ዳዮድ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 150 ይታገሣል።

የቢቲ 151 የብረት ጀርባ ከአኖዱ ጋር የተገናኘ ነው። የጋራ ካቶድ ባለው ብሪጅ ሁለቱ አኖዶች የመስመሩ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለቱን ታይሪስተሮች ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) በአንድ ሂት ሲንክ ላይ ብታስሩ መስመሩን ሾርት አደረጋችሁ ማለት ነው።

ስለ ፊውዝ ደግሞ፦ ተራ ብሬከር ታይሪስተሩ ከተቃጠለ በኋላ ነው የሚወድቀው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለሴሚኮንዳክተር የተሠራውን ፈጣን ፊውዝ ግዙ። ከታይሪስተሩ ዋጋ ቢቀራረብም ይገባዋል።

ቮልቴጁን በጣም በፍጥነት መቆጣጠር፣ ወይም ከመስመሩ ንጹህ ከረንት መሳብ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አትምረጡ። ታይሪስተር ለቀጣዩ ትእዛዝ እስከ ቀጣዩ ግማሽ ዑደት፣ 10 ሚሊሰከንድ፣ ያስጠብቃል። ዳዮድ ብሪጅ አድርጋችሁ ከኋላው ሞስፌት ወይም አይጂቢቲ ያለው ሰርኪዩት አስገቡ፤ እነዚህ ሲፈለግ ይከፈታሉ፣ ሲፈለግም ይዘጋሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት

ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ ሰዎች፣ መስመር ላይ በቀጥታ በተገናኘ ብሪጅ ኔጌቲቭ ላይ የመሬት መቆንጠጫውን አታድርጉ። ያ ኔጌቲቭ መሬት አይደለም፤ በየዑደቱ አንዱን ግማሽ የመስመሩን ቮልቴጅ ይከተላል። መቆንጠጫው አንዱን ዳዮድ ሾርት ያደርግና ሌላውን ዳዮድ ይዞት ይሄዳል። አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ወይም ዲፈረንሻል ፕሮብ ይኑራችሁ።

ከዚያ የ100 ዋት ባለ ክር አምፖል አምጡ። የዳዮድ ብሪጅና ካፓሲተር ከሆነ አምፖሉን ከመስመሩ ጋር በተከታታይ አስገቡት፤ አንዴ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሩ ሞልቷል፣ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ሲያልቅ ካፓሲተሩን በሬዚስተር ሳታፈስሱ እጃችሁን አታስገቡ።

የታይሪስተር ብሪጅ ከሆነ አምፖሉን በሎዱ ቦታ ተኩት። ወደ ግማሽ አምፔር ስለሚወስድ ለመቆለፍ ይበቃል። ቁልፉን ከዜሮ ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉ መብራቱ ቀስ እያለ መነሣት አለበት። ቁልፉ መጨረሻው ላይ ደርሶ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ዓይን ላይ የሚርገበገብ ከሆነ አንዱ ግማሽ ሞገድ ብቻ ነው እያለፈ ያለው። ያኔ ታይሪስተር ከመቀየራችሁ በፊት የሁለቱን የጌት ሽቦዎች አቀያይሩ። ጥፋቱ የታይሪስተሩ ይሁን የማስነሻው በኦሲሎስኮፕ ይለያል፤ ኦሲሎስኮፕ ከሌለ ደግሞ የሚያስተላልፈው ታይሪስተር ሽቦውን ተከትሎ ከተቀየረ ማስነሻው፣ ካልተቀየረ ታይሪስተሩ ነው።